መርስዔ ኀዘን ያልቀመሰው የማንጎ ሩም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የባሕር ዳሩን መጠጥ ቀጂ መርስዔ ኀዘን ብለው የሰየሙት ግን ቄስ አያቱ ናቸው፤ ትርጓሜውም ሐዘን አስረሺ ማለት ነው። ሽማግሌው ይህን ስም ሲያወጡ ልጁ አድጎ ጣና ዳር በቆመ ሆቴል ውስጥ ከባንኮኒ ጀርባ ጠርሙስ ይከፍታል ብለው እንዳላሰቡ የታወቀ ነው። ጠጪዎቹ «እስኪ እንደ ስምህ አድርግልን» እያሉ ብርጭቋቸውን በገፉለት ቁጥር ፈገግ ይልና ይቀዳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮቱን በገዛ እጁ የሚያጥብ፣ ሰው ሲያወራ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር።

እንግዲህ ይህ ሐዘን አስረሺ ከግንቦት 1969 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያሰክር ነገር በአፉ አልዞረም። መጠጥ የማይቀምስ መጠጥ ቀጂ፤ ለሰሚው ግራ ነው። ምክንያት ግን ነበረው፤ ምክንያቱም አንድ ልጁ አንዳርጋቸው ነው።

አንዳርጋቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማሽን ጥገና ይማር የነበረ፣ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው። እናት አገር ተደፈረች ተብሎ ከየፋብሪካው ወጣት ሲመለመል እሱም ተመለመለ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላል ያገራችን ሰው። ዘመኑ ግን አንድ ዓይን ያለውንም ሁለት ዓይን ያለውንም አፈር ላይ ያጫወተ ዘመን ነበር። የጭነት መኪናዎቹ ወጣቱን አፍሰው የአዲስ አበባን መንገድ ይዘው ሲጠፉ፣ መርስዔ ኀዘን እንባውን ለሰው ሳያሳይ ወደ ጊዮርጊስ ሄደና ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ተሳለ።

«ልጄ ተመልሶ በገዛ እጁ ቀድቶ እስኪያቀምሰኝ ድረስ የሚያሰክር ነገር ባፌ አይገባም» አለ። «አንተ ልጄን ጠብቅልኝ፣ እኔ አፌን እጠብቃለሁ።»

ስለቱን የነገረው ለሚስቱ ለእናትዓለም ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ «ልጄ እስኪመለስ» ብሎ መሳል ራሱ አደጋ አለው። አንዱ ካድሬ «ላይመለስ ይችላል ማለትህ ነው?» ይላል፤ ሌላው «ሆቴላችን ውስጥ አጉል እምነት ገብቷል» ብሎ ስብሰባ ይጠራበታል። ለስብሰባ ሰበብ የሚታጣበት ዘመን አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሲጋብዘው «ጨጓራዬን ያመኛል» ይላል። ከአካል ሁሉ በፖለቲካ የማይጠረጠር ጨጓራ ብቻ ነው።

በአገሩ ወግ ጠጅም ሆነ ጠላ የሚቀዳ ሰው፣ ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት ጠጪው በዓይኑ እንዲያይ ነው። ሆቴል ውስጥ ግን ጠርሙሱ ጠጪው ፊት ስለሚከፈት ቅመስ የሚል የለም። መርስዔ ኀዘንን ከእንጀራው ሳይለይ ያቆየው ይኸው የጠርሙስ ቆርኪ ነው።

ጦርነቱ በድል አበቃ ተባለና ከተማው ተጨፈረበት። አብረውት ከዘመቱት አንዱ ተመልሶ «አንዳርጋቸው ቆስሎ መኪና ላይ ሲጭኑት አይቻለሁ» አለ። ከዚያ ወዲያ ወሬ ጠፋ። ሞቷል ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። መርስዔ ኀዘን ስለቱን አጠበቀው። ቀድሞ የተወው መጠጡን ብቻ ነበር፤ በኋላ መጠጥ የነካው ማንኪያ ይኖራል ብሎ ባንኮኒው ላይ የሚጨመቀውን የፍራፍሬ ጭማቂ እንኳ መቅመስ ተወ። እናትዓለም «ቅዱስ ጊዮርጊስ ማንኪያ እየላሰ አይመረምርም፣ እንዲህ አታክርረው» ብትለውም አልሰማም። ሰው በእጁ የቀረው ነገር አንድ ብቻ ሲሆን እሱኑ ጨምድዶ ይይዛል።

በ1971 ዓ.ም. የባሕር ዳር በጋ የጉድ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ ሐይቁ እንኳ ነፋስ ነፈገ። በሆስፒታሉ ከሚሠሩት የኩባ ሐኪሞች አንዱ፣ ኤልፒድዮ የሚባል ጠና ያለ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ላቡን እየጠረገ ይመጣና ባንኮኒው ጋ ይቀመጣል። ከዓመት በላይ ስለቆየ አማርኛ ይሞካክራል፤ ስም እየደረደረ ግሱን ለሰሚው ይተዋል። አንድ ቀን ካገሩ የመጣለትን የሩም ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ሎሚ፣ ስኳር፣ በረዶ» አለ። ቀጥሎም ጣቶቹን አሻሽቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋ። የሚሸት ቅጠል ፈልጎ ነው።

መርስዔ ኀዘን ገባኝ ብሎ ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፎ ከተፍ አለ። የሚሸት ቅጠል የተባለ የጎጃም ሰው ከጤና አዳም ሌላ ምን ያመጣል? ሐኪሙ አንዴ ተጎነጨለትና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ይህ መድኃኒት» አለ። «እኔ ሐኪም። መድኃኒት ለሌላ ሰው።»

ችግሩን የፈታችው ሀቢባ ናት። ሀቢባ ሹም አቦ በሚባለው ሰፈር ከመርስዔ ኀዘን ጋር አጥር የምትጋራ ነጋዴ ስትሆን ለሆቴሉ ማንጎና ሎሚ የምታቀርበውም እሷ ነች። የጤና አዳሙን ነገር ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ናና ነው እንጂ የሚፈልገው፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን» አለችው። በማግስቱ ከጓሮዋ አንድ እቅፍ ናና ቀጥፋ፣ በጣም ከመብሰሉ የተነሣ ገበያ የማይወጣ ማንጎም ጨምራ አመጣች። «ለምን እንደምትፈልገው አልጠይቅህም፣ አንተም አትንገረኝ። የኔ ድርሻ እዚህ ላይ አበቃ።»

መጠጡ የተወለደው ከዚያ ማንጎ ነው። መርስዔ ኀዘን ማንጎውን ልጦ በወንፊት አሸው፤ ቃጫው ወንፊቱ ላይ ቀረና ወፍራም ወርቃማ ጭማቂ ወረደ። ሎሚ ጨመቀበት፣ ስኳር ነሰነሰበት፣ ናናውን በመዳፉ መሐል መታ መታ አድርጎ ጣለበት። በመጨረሻ ሩሙን አንቆረቆረና በረዶውን ከላይ ደፋበት። ብርጭቆው ወዲያው ላብ አወጣ። ሐኪሙ ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰው በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፣ ከዚያም «ጎበዝ» አለ። ቀጥሎ «ትንሽ ሎሚ» ብሎ ጠየቀና በራሱ እጅ ጨምቆ ጨመረበት። መርስዔ ኀዘን ይህን ያገራቸው ልማድ ነው ብሎ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ለሐኪሙ በቀዳ ቁጥር ግማሽ ሎሚ ከጎን ያስቀምጥለታል።

ወሬው ተዛመተ። የፋብሪካው ሹማምንት፣ የኮሌጁ መምህራን፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ የሚመጡት ሁሉ ሙቀቱ ሲያንገበግባቸው «ያንን የማንጎ ሩም» ይሉ ጀመር። ቀጂው ግን ጣዕሙን አያውቀውም። የሚመራው በጠጪው ፊት ነው። ቅንድብ ከተሰበሰበ ሎሚው በዝቷል፤ ትከሻ ከወረደ ሩሙ ልክ ነው፤ ሰውየው ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ከደገመ ሁሉም ደኅና ነው። እንደዚህ እያየ እያስተካከለ በሌላው ሰው ምላስ ኖረ።

ግንቦት ሲገባ የኤልፒድዮና የጓደኞቹ ጊዜ አለቀና የስንብት ግብዣ ተዘጋጀ። ግብዣውን የሚመራው ጓድ አካሉ የሚባል የክፍለ ሀገሩ ባለሥልጣን ነው። አካሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ የፈራ ሰው ከክፉ ሰው ይልቅ ያስፈራል። እንግዶቹን አንድ ነገር ቢነካቸው የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ፣ ከጠዋት እስከ ማታ በወንበሮቹ መሐል እየተመላለሰ የጠረጴዛ ልብስ ሥር ሳይቀር ያይ ነበር።

ሐኪሞቹ የቀረውን ሩማቸውን ሰብስበው «መርስዔ ይሥራው» አሉ። የተጠራው ሰው ብዙ ነው፤ ለዚያን ያህል ሰው በብርጭቆ በብርጭቆ መበጥበጥ አይሞከርም። የሆቴሉ ትልቅ ድስት ደግሞ ስንት ዓመት ወጥ ሲሠራበት የኖረ፣ ቢያጥቡት ቢያጥቡት ሽንኩርት የማይለቀው ነው። መርስዔ ኀዘን አሰበና የሚስቱ ጋን ትዝ አለው።

እናትዓለም ልጇ ከሄደ ወዲህ ጠላ ጠምቃ አታውቅም። ጋኑ በአፉ ተደፍቶ ጥግ ተቀምጧል። ከጣሪያው ሥር ደግሞ አንድ እስር ደረቅ የወይራ እንጨት ተሰክቶ ነበር። ይህን ወይራ ልጁ የመጣ ዕለት ጋኑን ላጥንበት ብላ ያኖረችው ነው። ቤት ውስጥ እንጨት ጠፍቶ ምጣድ ባዶውን ባደረበትም ቀን አልነካችውም።

«ጋኑን እጠቢልኝ፣ የኩባዎቹን መጠጥ ልበጠብጥበት ነው» አላት።

እናትዓለም በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ አደረቀችው። ከዚያ ቀና ብላ ወይራውን አየች። ለሷ ጋን ታጠበ ማለት ታጠነ ማለት ነው፤ ሳይታጠን መጠጥ ማኖር ዕቃውን በምራቅ ጠርጎ ለእንግዳ እንደማቅረብ ነው። ደግሞም ሌላ ነገር በልቧ መጣ። እነዚህ ሐኪሞች ቁስለኛ ሲያክሙ የኖሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ማን ያውቃል፣ የልጇን ገላ ነክቶ ይሆናል። እስሩን ፈታችና ወይራውን አንድም ሳታስቀር አጨሰችው። ጋኑን በጭሱ ላይ ደፍታ እስኪጠግብ ድረስ አጠነችው።

ጋኑ በጋሪ ወደ ሆቴሉ ሲሄድ እሷም «እነዚያ አሳላፊዎች ይሰብሩብኛል» ብላ አብራ ሄደችና ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተቀመጠች። መርስዔ ኀዘን ክዳኑን ሲከፍተው የወይራው ሽታ ፊቱን መታው። ክፉ ነገር ግን አልታየውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ንጹሕ ዕቃ የሚሸተው እንዲሁ ነው። እንዲያውም ደስ አለው፤ ቤቱ ድግስ ድግስ የሸተተበትን ጊዜ አስታወሰው። የሀቢባን ማንጎ በወንፊት እያሸ ገለበጠበት፣ ሎሚውን፣ ስኳሩን፣ ሩሙን ጨመረበት፣ በንጹሕ ሻሽ አፉን አስሮ ተወው። መጠጡም ቀኑን ሙሉ ጭሱን ሲጠጣ ዋለ።

ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ እንግዶቹ ዳርቻው ላይ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። መርስዔ ኀዘን በረዶና ናና ጣል እያደረገ ቀዳና የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደ ወጉ ለጋባዡ ለጓድ አካሉ አቀረበ። አካሉ ብርጭቆውን ወደ አፉ ወሰደና አፍንጫው ላይ ሲደርስ ቆመ። የተወለደው አዲስ አበባ ጨው በረንዳ ነው፣ ያደገው በቢራ ነው፤ የማንጎ መጠጥ ጭስ ጭስ ሲሸተው የመጣለት ሐሳብ አንድ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ያደረግህበት?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማንጎ ነው ጓድ። ማንጎ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ የራሳቸው ሩም።»

«ይህ የማንጎ ሽታ አይደለም። የተቃጠለ ነገር አለበት።» ብርጭቆውን መለሰለት። «ቅመስ።»

ከዚያ በፊት ይህን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። መርስዔ ኀዘን መዳፉን ዘረጋና ጠብ አደረገበት፤ እጁ ከልማድ የተነሣ ወጉን ያውቀዋል። መጠጡ መዳፉ ላይ ተኛ። እዚያው ቀረ።

ሁለት ነገር ፊቱ ቆመ። ቢቀምሰው ልጁ አይመለስም። ይህን እንደ አጉል እምነት የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ልጁን ወደ ጦር ሜዳ ሸኝቶ ወሬ ያጣ ሰው ግን አይስቅበትም። ባይቀምሰው ደግሞ ሐኪሞቹን ሊመርዝ ነበር ይባላል፤ በዚያን ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው የት እንደሚወሰድ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ጨጓራዬን ብሎ እንኳ ማምለጫ የለውም፤ ከራሱ መጠጥ በመዳፍ የምትያዝ ጠብታ የማይችል ጨጓራ የለም። ወርቃማው ጠብታ በጣቶቹ መሐል እየሾለከ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። በአጠገቡ ያሉት ወደሱ ዞሩ።

«ቅመስ እንጂ» አለ አካሉ፤ አሁን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

ከወጥ ቤቱ በር እናትዓለም ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋ በእንግዶቹ መሐል አልፋ መጣችና ከባሏ እጅ ብርጭቆውን ተቀበለች።

«ጋኑ የኔ ነው ጌታው» አለች። «ያጠንሁትም እኔ ነኝ፣ በወይራ። የሸተተዎት እሱ ነው። ባገራችን የሚቀምሰው ባለጋኑ ነው እንጂ ተላላኪው አይደለም።»

በመዳፏ አልቀመሰችም። ብርጭቆውን አንሥታ እስከ ሥሩ ጠጣችው። በረዶው ጥርሷን ነካት መሰለኝ ፊቷን ትንሽ ቋጠረች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቆመች። አካሉ አያት። ሰዉ ሁሉ አያት። እሷ ደግሞ ባሏን አየችው፤ እሱም መዳፉን ቀስ ብሎ በነጭ ኮቱ ላይ ጠረገ። ያ ኮት ከዚያ በፊት እድፍ ነክቶት አያውቅም።

ኤልፒድዮ ተነሥቶ ራሱ ከጋኑ ቀዳ። አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ደገመ። «አገሬ፣ ሩም በርሜል ውስጥ» አለ። «በርሜል ውስጡ የተቃጠለ። ብዙ ዓመት ይቀመጣል፣ እንዲህ እንዲሸት።» ወደ እናትዓለም ዞረና ጎንበስ አለላት። «እርስዎ፣ በአንድ ቀን።»

እውነቱን ይሁን ይሉኝታ ይዞት ይሁን እሱ ያውቃል። አካሉ ግን በረጅሙ ተነፈሰ፤ ያን ጊዜ ነው ሰውየው ከማንም በላይ ፈርቶ እንደነበር የታየው። አንድ ጠጣ፣ ሁለተኛውን ራሱ ጠየቀ፣ ከሦስተኛው በኋላ ወይራ የሚባለው እንጨት የት የት እንደሚገኝ እናትዓለምን ይጠይቃት ጀመር። ጋኑም ብዙ ሳይቆይ ተገለበጠ።

ሰው ሲበታተን ኤልፒድዮ ወደ ባንኮኒው መጣና አንድ ያልተከፈተ ጠርሙስ አስቀመጠ።

«አንተ አትጠጣም» አለው። «ጨጓራ አይደለም። እኔ ሐኪም፣ አውቃለሁ። ይህ ለምትጠጣበት ቀን።»

ባልና ሚስት ባዶውን ጋን ጋሪ ላይ አስቀምጠው ከኋላው በእግራቸው ተመለሱ።  መንገድ ላይ መርስዔ ኀዘን «እኔ ስሳል አንቺ ለምን እንዳልተሳልሽ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር» አላት። ቅር ብሎት የኖረ ነገር እንደሆነ ድምፁ ይናገራል።

«ሁለታችን ብንሳል ማን ይቀምስ ነበር?» አለችው።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። መስቀል አልፎ፣ ጥቅምት ላይ አንድ ረፋድ መርስዔ ኀዘን ሀቢባ በሆቴሉ የጓሮ በር ስትገባ አያት። የፍራፍሬ ቀኗ አይደለም፤ ቅርጫትም አልያዘችም፤ ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዶ እየሮጠች ነው።  ባንኮኒውን ያዘና ከኋላዋ ማን እንደሚከተል ተመለከተ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይከተላል። ከሀቢባ ኋላ ማንም የለም። ብቻዋን ናት። ይህን ባየ ጊዜ ነው እስትንፋሱ የተመለሰችው፤ እሷ አፏን ሳትከፍት ነገሩን አወቀው።

«ና ውጣ» አለችው። «ልጅህ መጥቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅህ መጥቷል።» ታለቅሳለች፣ ትስቃለች።

ኮቱን ሳያወልቅ ሮጠ። ሠራተኛው ሁሉ በሥራ ሰዓት ወዴት ነው አለ። የዚያን ቀን ስብሰባ ቢጠሩበትም ግድ አልነበረውም።

አንዳርጋቸው መደብ ላይ ተቀምጧል፤ እናቱ ጉልበቱን ይዛ ከእግሩ ሥር ቁጭ ብላለች። ከስቷል፣ ጢሙ ጠንክሯል። አባቱን ሲያይ ተነሣ። መርስዔ ኀዘን አቀፈው፣ አገላብጦ ሳመው፣ አንገቱን አሸተተው። ሲያቅፈው በቀኝ በኩል ጋቢው ውስጥ የሚጨበጥ ነገር አጣ። ከክርኑ በታች እጅ የለም።

 እናትዓለም ቀድማ ስላየችው ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ሐረር ነው የቆረጡልኝ» አለ ልጁ። «ከዚያ ወዲያ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስዞር ቆየሁ። በሰው እጅ ወሬ መላክ አፈርሁ፤ በራሴ እጅ ደግሞ… ይቅር በሉኝ።»

«ተው» አለ አባቱ። «መጣህልን። ሌላውን ተወው።» እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ነው፤ አልጠረገውም። ያን ያህል ጊዜ ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶለት፣ ሰው ሸክም ጥሎ እንደሚያደርገው ትከሻውን አነቃነቀ።

ቤት ውስጥ ጠላ የለም። ወይራውም አልቋል። ግን ከሣጥኑ ሥር የሐኪሙ ጠርሙስ አለ። የማንጎ ወቅት ስላልሆነ ሀቢባ በአጥሩ በኩል ዘይቱንና ሎሚ፣ አንድ እፍኝ ናናም አቀበለች። «ዛሬ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አትንገረኝ» አለች። መርስዔ ኀዘን በቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ ዘይቱኑን በወንፊት አሸ፣ ሎሚ ጨመቀ፣ እጁ የለመደውን ያህል ስኳር ነሰነሰ፣ ናናውን መታ መታ አደረገ፣ ሩሙን አንቆረቆረ። በረዶ ስለሌለ የእንስራ ውኃ ጨመረበት። ከዚያ የበጠበጠበትን ማንቆርቆሪያ በልጁ ፊት አኖረና ስለቱን ነገረው።

«በገዛ እጅህ ቀድተህ እስክታቀምሰኝ ብዬ ነው የተሳልሁት» አለው። «እነሆ መዳፌ።»

አንዳርጋቸው ማንቆርቆሪያውን አየው። ከልጅነቱ ጀምሮ የተነገረው አንድ ነገር አለ፤ ለሰው በግራ እጅ አይቀዳም፣ ለታላቅ ሰውማ ነውር ነው፣ ለአባትማ አይታሰብም። አንገቱን ደፋ።

«አባባ» አለ፣ «በግራዬ ነው እኮ የምቀዳልዎ።»

መርስዔ ኀዘን አንዱን መዳፍ ብቻ ዘርግቶ ነበር። ሌላውንም ጨመረና ሁለቱን አጣምሮ አቀረበለት፤ ሰው ጠበል ሲቀበል እንደሚያደርገው ዝቅ አለ።

«በእጁ ነው ያልሁት» አለው። «ስሳል ቀኝ አላልሁም።»

ልጁ በግራው ቀዳ። ማንቆርቆሪያው ትንሽ ዘመመና ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ መዳፍ ውስጥ ገባ። መርስዔ ኀዘን ጠጣው። ዓይኑን ጨፈነ። እናትዓለም በአፏ ጸሎት ይሁን ምን እያነበነበች ትጠብቃለች። እሱ ምላሱን ላንቃው ላይ አንዴ፣ ሁለቴ አዞረውና ዓይኑን ከፈተ።

«ስኳሩ በዝቷል» አለ።

እናትና ልጅ ተያዩ።

«በጣም በዝቷል። ይህን ነው እንዴ ላገር ሳጠጣ የኖርሁት?» ቆም አለና አንድ ነገር ትዝ አለው። «ለካ ያ ሐኪም ሁልጊዜ ሎሚ የሚጨምረው…»

መጀመሪያ የሳቀችው እናትዓለም ናት። ልጇ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ያን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። አንዳርጋቸው ተከተላት፣ መርስዔ ኀዘንም ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ከአጥሩ ወዲያ ሀቢባ «ምን ሆናችሁ?» እያለች ትጣራለች። አንዳርጋቸው ማንቆርቆሪያውን እንደገና በግራው አነሣ። በዚህኛው ጊዜ ጠብታ ሳያፈስ ለእናቱ ቀዳላት። እሷም ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችው።